ቤልቱን ብቻ ወይስ ሲሎቹንም? የኮሮላ ታይሚንግ ቤልትና የኦይል ሲል ቅያሪ በግቢ ውስጥ፣ ባሕር ዳር

የሽምብጥ መምህር · መጋቢት 6፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እህቶች። እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራች፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለባት ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ስገዛት ሻጩ «ታይሚንግ ቤልቱ (የሞተሩን ዘንጎች አያይዞ የሚያዞረው ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ) በቅርብ ተቀይሯል» ቢለኝም፣ በስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደተቀየረ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት አልነበረውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ደርሼ ከወረታ ስመለስ ሐሙሲት ላይ ቆም እንዳልኩ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ቤቴ ደርሼ መኪናዋ ሥር ካርቶን ዘርግቼ ባሳድር፣ ጠዋት በቀኙ የፊት ጎማ በኩል የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል የዘይት ክብ ጠብቆኛል።

የላይኛውን የታይሚንግ ሽፋን ከፍቼ በባትሪ ብርሃን ስመለከት የቤልቱ ጠርዝ በዘይት ርሶ ያብለጨልጫል፤ ጀርባው ደግሞ ውኃ እንደሸሸው የጣና ዳር ጭቃ በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል። ጋራዥ ወስጄ ሳሳይ «ቤልቱን ብቻ እንቀይርልህ፣ ሲሎቹ ገና ናቸው» አሉኝ (ሲል ዘይት እንዳያፈስ በዘንጉ ዙሪያ የሚቀመጥ የጎማ ቀለበት ነው)፤ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ብሬክ፣ ራዲያተርና ዲናሞ በራሴ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ይህንን ሥራ በግቢዬ ውስጥ መሥራት እችል ይሆን? ከቻልኩስ የትኞቹን ሲሎች አብሬ ልቀይር?

ባለ ዶልፊን · መጋቢት 6፣ ከምሽቱ 3፡35

መምህር፣ የእኔ ምክር እንዳይነኩት ነው። ባለ 5ኤል ናፍጣ ሞተር ዶልፊን ሚኒባስ አለኝ። ቤልቱ 100,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላው ሲቃረብ «ይህችን ወር ልለፍና» እያልኩ አቆየሁት። ከዳንግላ ስመለስ፣ መርዓዊን አልፌ ብዙም ሳልርቅ፣ ሞተሩ እንደ ብረት መዶሻ ድምፅ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ጠፋ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሲወርድ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ጎብጠው ተገኙ። መኪናው ሁለት ወር ቆመ፤ በዚያ መኪና የሚተዳደሩት ረዳቴና ቤተሰቤም አብረውት ቆሙ። ቤልቱን ሲገጥም አንድ ጥርስ የሳተ ሰው እኔን ያገኘኝ ነገር ያገኘዋል። እባክዎ ለሚያውቅ ሰው ይስጡት።

መፍቻ · መጋቢት 7፣ ከጠዋቱ 1፡20

በጋራዥ ብዙ ዓመት የሠራሁ፣ አሁን ጉልበቴ ስላልፈቀደ በቤቴ የምውል ሰው ነኝ። ባለ ዶልፊን የጻፉት እውነት ነው፤ የደረሰባቸውም ያሳዝናል፤ ነገር ግን የተናገሩት ስለ ሌላ ዓይነት ሞተር ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ እስከ ላይ ሲወጣ በእርሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ ቤልቱ ተበጥሶ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሲቆም ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ፒስተኑ ይመታዋል። በመምህር 4ኤ-ኤፍኢ ግን ቫልቭና ፒስተን አይደራረሱም፤ ቤልቱ ቢበጠስ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ አይሰበርም። ይህ ማለት ግን ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሞተር ቢጠፋብዎ መሪው ይከብዳል፣ የብሬኩም እገዛ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል።

ስለዚህ ትዕግሥት ካለዎት በግቢዎ ሊሠሩት ይችላሉ። አስቀድሜ አጥብቄ የምናገረው ግን ይህንን ነው፦ ዘይቱ የሚመጣበትን ሳያውቁ ቤልት አይግዙ። ዘይት የቤልትን ጎማ ያብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ጥርሱን ከሥሩ ያላቅቀዋል። በሚያፈስ ሲል ሥር የተገጠመ አዲስ ቤልት ዕድሜው ከአሮጌው አይሻልም። «ሲሎቹ ገና ናቸው» የሚባለው ለሥራው ፍጥነት ሲባል ነው፤ በእርስዎ ሞተር ግን ሲል ለመቀየር የሚፈታው ነገር ሁሉ ለቤልቱ ሲባል አስቀድሞ ተፈትቷል፤ የሚቀረው ሁለት ፑሊ (ቤልቱ የሚዞርባቸውን መዘውሮች) ማውጣት ብቻ ነው።

ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ የቀኙን ጎን በናፍጣ በተነከረ ብሩሽ ጠርገው ያድርቁት፤ ቤንዚን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ከዚያ የሕፃን ፓውደር ይንፉበትና ሞተሩን ዐሥር ደቂቃ ያህል ያሠሩት፤ ዘይቱ በነጩ ላይ መንገዱን ራሱ ይጽፍልዎታል። ከቫልቭ ክዳኑ ጠርዝ የሚወርድ ከሆነ የክዳኑ ጋስኬት ነው፤ ከካምሻፍቱ ፑሊ ጀርባ ከሆነ የካም ሲል ነው፤ ከታች ከክራንክ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ) ፑሊ ጀርባ ከሆነ የፊተኛው የክራንክ ሲል ነው፤ እርሱም የተቀመጠው በዘይት ፓምፑ አካል ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የክዳኑ ጋስኬት ጥፋት በሲሎቹ ላይ ይላከካል፤ ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ ታች ያለው ሁሉ ተጠርጣሪ ይመስላል።

ጣና ዳር · መጋቢት 7፣ ከቀኑ 6፡45

ጋሼ መፍቻ በጻፉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የምህንድስና መምህርት ነኝ፤ የአባቴን ተመሳሳይ ኮሮላ ከእርሳቸው ጋር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሲሎቹን ከመቀየር በፊት «ለምን አፈሰሱ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በፒስተን ቀለበቶች በኩል ወደ ታች የሚያልፈው ጋዝ የሚወጣው በቫልቭ ክዳኑ ላይ በተሰካች ትንሽ የመተንፈሻ ቫልቭ ነው። እርሷ በዝቃጭ ከተደፈነች በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ይከማቻል፤ ግፊቱም ደካማውን በር ፈልጎ ይወጣል፤ ደካማው በር ደግሞ ሲሉ ነው። ይህቺ ሳትጸዳ የሚገጠም አዲስ ሲል እንደ አሮጌው ማፍሰሱ አይቀርም። ነቅለው ሲያወዛውዟት ካልተንኳኳች ይቀይሯት፤ ዋጋዋም ከአንድ ሲል ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው የጎማው ጉዳይ ነው። የተለመደው የናይትሪል ጎማ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ቫይተን በመባል የሚታወቀው የፍሎሮ ጎማ ግን ወደ 200 ዲግሪ ድረስ ይችላል። ከተገኘ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዕድሜም የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ ሃያ ዓመት የቆየ ሲል ብዙ ባይሠራም ከንፈሩ እንደ ፕላስቲክ ይጠጥራል። በጥፍርዎ ሲጫኑት ካልተመለሰ ሥራውን ጨርሷል።

ከጎንደር · መጋቢት 8፣ ከጠዋቱ 3፡05

ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። እኔ ያለኝ ቪትዝ ነው። የእኔም ቤልት ይቀየራል?

መፍቻ · መጋቢት 8፣ ከጠዋቱ 3፡40

የቪትዝ ሞተር የሚሠራው በካቴና ነው፤ በየጊዜው የሚቀየር ቤልት የለውም። እርስዎ ዘይቱን በጊዜው ይቀይሩለት፤ ካቴናን የሚያረዝመው የቆሸሸ ዘይት ነው።

የሽምብጥ መምህር · መጋቢት 14፣ ከምሽቱ 1፡50

በተመከርኩት መሠረት አድርጌያለሁ። ፓውደሩ ሁለት መስመር አሳየኝ፤ አንዱ ከካም ሲሉ ወርዶ የውስጡን ሽፋን ያረሰ ሲሆን ሁለተኛው ከክራንክ ፑሊው ጀርባ ነው። የክዳኑ ጋስኬት ደረቅ ነው። የመተንፈሻዋን ቫልቭ ነቅዬ በጆሮዬ አጠገብ ባወዛውዛት ዝም አለች፤ አፏ ላይ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ተጋግሯል። እህቴ ጣና ዳር፣ ይህንን ባይነግሩኝ ኖሮ አዲሶቹን ሲሎች በዚያው ግፊት ሥር እገጥማቸው ነበር።

ዕቃውን አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያለ ዘመዴ ገዝቶ በአውቶቡስ ልኮልኛል፤ ቤልት፣ የቤልት መወጠሪያው ኩሽኔታ ከነስፕሪንጉ፣ ሁለቱ ሲሎች፣ የቫልቭ ክዳን ጋስኬትና የመተንፈሻ ቫልቭ ናቸው። ኩሽኔታው ያገለገለ እንዳይሆን አደራ ብዬው ነበር፤ አዲስ ነው። ቅዳሜ ልጀምር አስቤያለሁ።

መፍቻ · መጋቢት 14፣ ከምሽቱ 4፡15

እንግዲያውስ ከመጀመርዎ በፊት ይህንን ያንብቡ፤ ረዘም ይላል።

ስለ ክሪክ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ግቢዎ ጥቁር አፈር ከሆነ ክሪኩም መቆሚያውም ይሰምጣሉ፤ በሥራቸው ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ፤ በብረት መቆሚያ ሳያሳርፉ አንገትዎን እንኳ ከመኪናው ሥር አያስገቡ። በቀኝ በኩል ያለው የሞተር ማሠሪያ ስለሚፈታ የዘይት ከርሱን በእንጨት ቁራጭ ደግፈው በሁለተኛ ክሪክ ያሳርፉት፤ ብረት ለብረት ካገናኙት ከርሱ ይጎደጉዳል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። ካንዴላዎቹን ሁሉ ያውጡ፤ ሞተሩ በእጅ ሲዞር እንዳይገፋዎት ነው።

አዲሱንና አሮጌውን ቤልት ጎን ለጎን አድርገው ጥርሶቹን ይቁጠሩ፤ ስፋታቸውንም ያስተያዩ። አስመስለው የሚሠሯቸው ቤልቶች ብዙ ጊዜ የሚታወቁት በጽሑፋቸው ነው፤ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ይመልሱት። ቤልቱን አይጠፉት፣ አይጠምዝዙት፣ በምስማርም አይስቀሉት፤ ውስጡ ያለው ክር አንድ ጊዜ ከታጠፈ ከውጭ ሳይታይ ይሰበራል።

ከመፍታትዎ በፊት በክራንክ ፑሊው ላይ ያለውን ጭረት ከሽፋኑ ዜሮ ጋር ያገናኙ። በካምሻፍት ፑሊው ቀዳዳ በኩል ሲመለከቱ በስተጀርባው ባለው መያዣ ላይ ያለው ምልክት መታየት አለበት፤ ካልታየ ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት። ማዞር ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። በራስዎ ቀለምም ምልክት ያድርጉ።

የክራንኩ ቡሎን አስቸጋሪ ነው። ሰው ብሬክ ረግጦ መኪናዋ አምስተኛ ማርሽ ላይ ሆና ባለ 19 ቡሶላ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተው ይግፉት። ቁልፉን መሬት አስደግፎ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) የማስፈታት ልማድ አለ፤ የሰው እጅ ሲሰበር በዓይኔ ስላየሁ አልመክረውም። የካሙን ቡሎን ሲፈቱ ደግሞ ካምሻፍቱ ራሱ ላይ ያለውን ባለ ስድስት ጎን በቁልፍ ይያዙ፤ በቤልቱ ላይ ተማምነው አይፍቱ።

ሲሉን ሲያወጡ የካቻቢቴውን ጫፍ በፕላስተር ይጠቅልሉት። በክራንኩ ላይ የጥፍር ያህል ጭረት ከተዉ የሚገጥሙት ሲል በዚያች ጭረት ዕድሜውን ሙሉ ያፈሳል። አሮጌው ሲል በዘንጉ ላይ በጣት የሚታወቅ ቦይ ቆፍሮ ከሆነ አዲሱን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከቀድሞው ቦታ ለወጥ አድርገው ያስቀምጡት፣ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ። ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ ይሁን። ከንፈሩን ግሪስ ይቀቡት፤ ከዚያ የሲሉን ውጫዊ ዳር የሚያህል ቧንቧ ደግፈው በቀስታ ዙሪያውን እያንኳኩ፣ ቦይ ከሌለ ከአካሉ ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ይምቱት። አንድ ጎን ቀድሞ ከገባ ያውጡትና እንደገና ይጀምሩ። ሲሊኮን ሲያስፈልግም በስስ ይቀቡ፤ የሚተርፈው ተቆርጦ ዘይት ከርስ ውስጥ ይወድቅና የፓምፑን ወንፊት ይዘጋል።

ጥብቀቱ በግምት አይሆንም፤ ቶርክ ሬንች (ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ) ይዋሱ። የክራንክ ፑሊው ቡሎን 118 ኒውተን ሜትር፣ የካሙ 59፣ የመወጠሪያው 37 ነው።

የሽምብጥ መምህር · መጋቢት 18፣ ከምሽቱ 2፡30

ዛሬ ሙሉ ቀን ሠርቼ ቆሜያለሁ፤ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። የክራንኩ ቡሎን የወንድሜ ልጅ ብሬክ ረግጦልኝ በሦስተኛው ግፊት ተፈታ። የካሙ ሲል በሰላም ወጣ። የክራንኩ ግን ደርቆ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ስለነበር አንድ ሰዓት ሙሉ ታግሎኛል፤ ሲወጣ ከንፈሩ በእጄ ላይ እንደ ደረቅ ቂጣ ተቆረሰ። ዘንጉን በጥፍሬ ዞር አድርጌ ዳሰስኩት፤ ጭረት የለም፣ ቀጭን ቦይ ግን አለ። እንደተመከርኩት አዲሱን ለወጥ አድርጌ አስገባሁ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ቤልቱን ገጠምኩ፣ ምልክቶቹ ሁለቱም ልክ ነበሩ። የመወጠሪያውን ቡሎን ለቅቄ ስፕሪንጉ ሲስበው ክራንኩን በእጄ ሁለት ዙር አዞርኩ። የክራንኩ ጭረት ዜሮ ላይ ሲቆም የካሙ ምልክት በቀዳዳው መሃል አይታይም፤ አንድ ጥርስ የሚያህል ወደ ጎን ሄዷል። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ውጤቱ አንድ ነው። ያበላሸሁት ነገር ይኖር ይሆን?

መፍቻ · መጋቢት 18፣ ከምሽቱ 3፡00

ምንም አላበላሹም፤ እንዲያውም ሁለቱ ዙር ሥራቸውን ሠርተዋል። ሞተሩን አስነሥተው ቢሆን ኖሮ ይንቀጠቀጥ፣ ጉልበትም ያጣ ነበር፤ ባለ ናፍጣ ቢሆን ደግሞ ከዚህም ይከፋ ነበር።

የተፈጠረው ይህ ነው። ሞተሩ ወደ ቀኝ ሲዞር ክራንኩ ካሙን የሚስበው መወጠሪያው በሌለበት ወገን ባለው ቤልት ነው። ቤልቱን ሲገጥሙ በዚያ ወገን ላላ ያለ ነገር ትተው ነበር። ምልክቶቹ ቆመው ሲታዩ ልክ ቢመስሉም ክራንኩ መዞር ሲጀምር አስቀድሞ ያንን ልል ይወስዳል፤ ካሙ ግን ገና አልተነሣም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይቀራል። አሁን መወጠሪያውን ገፍተው ለጊዜው ያጥብቁት፣ ቤልቱን ከካሙ ላይ ያውጡት፣ ምልክቶቹን ይመልሱ። ከዚያ ከክራንኩ ጀምረው መወጠሪያ በሌለበት ወገን ቤልቱን ጥብቅ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡትና ካሙ ላይ ያስገቡት፤ ልሉ ሁሉ ወደ መወጠሪያው ወገን ይሰብሰብ። ካሙን የፀጉር ያህል ወደ ቀኝ በቁልፍ ቢያግዙት ጥርሱ ይቀበልዎታል። ከዚያ መወጠሪያውን ይልቀቁ፣ ቀስ ብለው ሁለት ዙር ያዙሩ። ምልክቶቹ ከገጠሙ የመወጠሪያውን ቡሎን ያጥብቁና ቤልቱን በመሃሉ በጣትዎ ጫን ይበሉት፤ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቢገባ ደኅና ነው።

ግን ዛሬ አይደለም። ይተኙና በጠዋት ብርሃን ይሥሩት።

ጣና ዳር · መጋቢት 18፣ ከምሽቱ 3፡25

አባቴና እኔም በዚሁ ጥርስ ተሸንፈን አድረን ነበር። ነገ የታችኛውን ሽፋን ከመግጠምዎ በፊት በክራንኩ ላይ የሚገባውን ሳሕን መሰል የቤልት መከላከያ እንዳይረሱ፤ ሾጣጣው ጠርዝ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው። እኛ ረስተነው ሁሉንም እንደገና ፈትተናል።

የሽምብጥ መምህር · መጋቢት 19፣ ከቀኑ 9፡40

ተሳካ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀምሬ በጋሼ መፍቻ አነጋገር ቤልቱን ከክራንኩ ስቤ ካሙ ላይ ሳስገባው ጥርሱ ቦታው ሲገባ በጣቴ ተሰማኝ። ሁለት ዙር አዞርኩ፣ ምልክቱ በቀዳዳው መሃል ቆመ። አላመንኩም፤ ሌላ ሁለት ዙር ጨመርኩ፤ አሁንም ያው ነው። መከላከያው ሳሕን በእህቴ ጣና ዳር መልእክት ምክንያት ቦታውን አገኘ፤ ባላነበው ኖሮ እቃ ማስቀመጫው ሳጥን ውስጥ ይቀር ነበር። ቶርክ ሬንቹን የተዋስኩት ከጎረቤቴ ሲሆን የክራንኩ ቡሎን 118 ሲደርስ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ያስደስተኛል።

ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ለግማሽ ሰዓት አሠራሁት፤ ከዚያ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ አድርጌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሽታ የለም።

የሽምብጥ መምህር · ሚያዝያ 28፣ ከምሽቱ 1፡15

የመኪናዋን ሁኔታ ልንገራችሁ። ከዚያ ወዲህ ጎንደር ደርሼ ተመልሻለሁ፤ በየሳምንቱም ካርቶን ዘርግቼ አሳድራታለሁ። በቀኝ ጎማ በኩል ደረቅ ነው። በመሃል ላይ ግን፣ ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ሥር፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትታያለች። የኋለኛው የክራንክ ሲል መሆኑን እገምታለሁ። እርሱን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ ስላለበት፣ ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ አብሬ ለማሠራት ወስኛለሁ፤ እስከዚያ የዘይቱን መጠን በየሳምንቱ እለካለሁ።

መፍቻ · ሚያዝያ 28፣ ከምሽቱ 2፡05

ውሳኔዎ ልክ ነው። ለእንዲህ ያለች ጠብታ ብቻዋን ካምቢዮ አይወርድም። ቤልቱ የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በማይለቅ ቀለም ጽፈው በሽፋኑ ላይ ይለጥፉ፤ መኪናዋን አንድ ቀን ሲሸጡ ገዢው እርስዎ የጠፋብዎትን ወረቀት እንዲያገኝ።

ባለ ዶልፊን · ሚያዝያ 29፣ ከጠዋቱ 12፡50

መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ የናፍጣውን ሞተር በራሴ አልነካም፤ አቋሜ ይኸው ነው። ነገር ግን ትናንት ዶልፊኔን ወደ ጋራዥ ስወስድ ሦስት ነገር በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ፦ የካሙና የክራንኩ ሲሎች አብረው እንዲቀየሩ፣ የክራንኩ፣ የካሙና የናፍጣ ፓምፑ ምልክቶች ሦስቱም ከተገጠሙ በኋላ ሞተሩ ሁለት ዙር በእጅ እንዲዞርና እኔም ቆሜ እንዳየው። መካኒኩ በመጀመሪያ አኩርፎ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ራሱ ጠርቶ አሳየኝ።